አረምን በሰብል ማፈን
በሐዋሳ ዙሪያ በቆሎ ለሚመረትባቸው ቀበሌዎች ልማት ሠራተኞችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ መግለጫ

መግቢያ

በሐዋሳ ዙሪያ በቆሎ በአብዛኛው የሚዘራው የበልጉ ዝናብ መሬቱን ካራሰ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ነው። ሰብሉ በቅሎ ሁለትና ሦስት ሳምንት እንደ ሞላው አረሙም አብሮት ይነሣል። በዚህ ወቅት በብዙ ገበሬ ቤት ያለፈው ዓመት እህል ተሟጧል፤ ልጆች ገና ከትምህርት አልወጡም፤ ጎረቤትም በየራሱ ማሳ ላይ ተጠምዷል። ስለዚህ አረማው ይዘገያል። በመጨረሻም ሴቶችና ልጆች ጉልበት የደረሰ አረም ሲነቅሉ ይታያሉ። ያን ጊዜ ድካሙ ብዙ ነው፤ ጥቅሙ ግን ጥቂት ነው፤ አረሙ ከመሬቱ የሚወስደውን አስቀድሞ ወስዷልና።

ለዚህ ችግር የሚሰጠው የተለመደ ምክር “በወቅቱ ይታረም” የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ገበሬው በወቅቱ የማያርመው ባለማወቁ አይደለም፤ በዚያው ሳምንት የሚያስፈልገውን የሰው ጉልበት ስለማያገኝ ነው። ጉልበት ለሌለው ሰው ሥራውን ደጋግሞ መንገር ሥራውን አያቀልለትም። የልማት ሠራተኛው ማንሣት የሚገባው ጥያቄ “ገበሬው ለምን አላረመም?” የሚለውን ሳይሆን “በዚህ ማሳ ላይ ይህን ያህል አረም ቦታ ያገኘው ለምንድን ነው?” የሚለውን ነው።

የዚህ መግለጫ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ አረም የሚበዛው ባዶ በተተወ መሬትና በየዓመቱ ሳይለወጥ በሚመላለስ አንድ ዓይነት ሰብል ላይ ነው። ባዶውን ቦታ ጠቃሚ በሆነ ሰብል ብንሞላውና ሰብሉን ብናፈራርቀው የአረሙ ብዛት ይቀንሳል፤ የቀረውንም በአነስተኛ ጉልበት ማረም ይቻላል።

1. አረም ለምን ይበዛል?

በየማሳው አፈር ውስጥ ካለፉት ዓመታት የተከማቸ እጅግ ብዙ የአረም ዘር አለ። ከዚህ ዘር አብዛኛው ደቃቅ ስለሆነ የሚበቅለው ከላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ጥልቅ የተቀበረው ግን ሳይበቅልም ሳይሞትም ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። መሬቱ ሲታረስ ከእንቅልፉ የሚነሣው ብርሃንና እርጥበት ያገኘው ነው።

በቆሎ በ75 ሳንቲ ሜትር መስመርና በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲዘራ በአንድ ሄክታር 44 ሺህ ያህል ተክል ይኖራል። ይህ ቁጥር ብዙ ይምሰል እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የበቆሎው ቅጠል የሚሸፍነው የመሬቱን ጥቂት ክፍል ነው። የቀረው ለፀሐይ የተጋለጠ ባዶ መሬት ነው። አሉማ፣ የውሃ አንቁር፣ መጭ፣ አስተናግር፣ እንግጫና ሰርዶ የሚገቡት በዚህ ቦታ ነው። ባዶ መሬት ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ እኛ ካልዘራንበት ተፈጥሮ ይዘራበታል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰብሉ አለመለዋወጥ ነው። በቆሎ በበቆሎ ላይ በተዘራ ቁጥር የዘሩ ጊዜ፣ የእርሻው ጊዜና የማረሚያው ጊዜ በየዓመቱ አንድ ይሆናል። ከዚህ አሠራር ጋር የሚስማማው አረም በየዓመቱ ዘሩን አራግፎ ይጨምራል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የማይነገር ነው። ከብት ያለው ገበሬ በሰኔ የግጦሽ መሬት ሲጠበው ከበቆሎው መካከል የሚያጭደው አረም መኖ ይሆነዋል። አንዳንዱም ለዚሁ ሲል አረሙን አውቆ ያቆየዋል። እንዲህ ያለውን ገበሬ “አረምህን ንቀል” ከማለት በፊት የከብቱን መኖ ነገር አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል። በእርከንና በማሳ ዳር ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር የተከለ ሰው ከማሳው ውስጥ መኖ አይፈልግም።

2. አረሙ ሰብሉን የሚጎዳበት ጊዜ

አረም በማንኛውም ጊዜ እኩል ጉዳት አያደርስም። በበቆሎ ላይ ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው ሰብሉ ከበቀለ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በነዚህ ሳምንታት በቆሎው ሥሩን እየሰደደና የፍሬውን መጠን እየወሰነ ነው። በዚህ ጊዜ የተሻማ ናይትሮጅንና ውሃ በኋላ በሚደረግ አረማ አይመለስም። በቆሎው ከፍ ብሎ ጥላውን ከጣለ በኋላ የሚበቅለው አረም ግን የዚያን ዓመት ምርት ብዙ አይቀንስም፤ ጉዳቱ ዘሩን ለሚመጣው ዓመት ማራገፉ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው አረማ ሰብሉ በበቀለ ከ25 እስከ 30 ቀን፣ ሁለተኛው ከ45 እስከ 50 ቀን ባለው ጊዜ እንዲፈጸም ይመከራል። ጉልበት ለአንድ አረማ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የመጀመሪያው መቅረት የለበትም። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚባለው ለዚህ ነው። የጣት ርዝመት ያለውን አረም አንድ ሰው በመኮትኮቻ ቶሎ ሊጨርሰው ይችላል፤ ጉልበት ሲደርስ ግን ሥራው በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ሲነቀልም የበቆሎውን ሥር አብሮ ይነቀንቃል።

በአገራችን የቆየው ሽልሻሎ፣ ማለትም በቆሎው ወይም ማሽላው ከፍ ሲል በመካከሉ በበሬ ማረስ፣ አረምን ለመቅበርና ውሃን ወደ ሥር ለማስገባት የተፈጠረ ብልሃት ነው። ይሁን እንጂ ሽልሻሎ የሚደረገው ሰብሉ በቅሎ ወር ካለፈው በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያውን አረማ አይተካም።

3. ከመዝራት በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ከዘር በፊት የሚሞት አረም ጉልበት ከሁሉ ያነሰ የሚጠይቅ ነው። የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል፦

ሀ. የበልጉ ዝናብ እንደ ጀመረ መሬቱን አርሶ አረሙ እንዲበቅል ጊዜ መስጠት፤ ከበቀለም በኋላ በድጋሚ በማረስ መግደል። ገበሬው ሦስትና አራት ጊዜ የሚያርሰው መሬቱን ለማለስለስ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ጭምር ነው። የመጨረሻው እርሻ ጥልቅ ከሆነ ከታች የተኛውን ዘር አውጥቶ አዲስ አረም ይጠራልና ቀለል ያለ መሆን አለበት።

ለ. እንግጫና ሰርዶ የበዛበትን ማሳ በበጋ አርሶ ሥራሥሩንና ኮረቱን ለፀሐይ ማጋለጥ። እነዚህ አረሞች በእርጥበት ጊዜ ቢቆራረጡ እያንዳንዱ ቁራጭ መልሶ ይበቅላል።

ሐ. ጥሬ የከብት ፍግ በቀጥታ ማሳ ላይ አለመበተን። ብዙ የአረም ዘር በከብት ሆድ አልፎ ሳይሞት ይወጣል። ፍጉ ከቅጠልና ከገለባ ጋር ተከምሮ፣ እየተገላበጠና በራሱ ሙቀት እየበሰለ ብስባሽ ከሆነ በኋላ ግን አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል።

መ. የራስን ዘር የሚጠቀም ሰው ዘሩን አበጥሮና ለቅሞ መዝራት።

4. በቆሎንና ቦሎቄን አሰባጥሮ መዝራት

በሲዳማና በአካባቢው በቆሎን ከቦሎቄ ጋር መዝራት አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ ላይ የምንለው በዘፈቀደ የሚደረገው ስብጥር በመስመርና በጊዜ ቢደረግ ከእህሉ ሌላ የአረም መከላከያም ይሆናል ነው። ቦሎቄ ቶሎ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥም በሁለት የበቆሎ መስመሮች መካከል ያለውን ባዶ መሬት ይሸፍናል። ከሥሩ ለመብቀል የሚፈልገው አረም ብርሃን ያጣል።

አዘራሩ፦ በቆሎው እንደ ተለመደው በ75 ሳንቲ ሜትር መስመር ይዘራል። በየሁለቱ የበቆሎ መስመር መካከል አንድ የቦሎቄ መስመር፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተሰጥቶ ይዘራል። ይህም በሄክታር 133 ሺህ ያህል የቦሎቄ ተክል ማለት ነው። ቦሎቄ ብቻውን በ40 በ10 ሳንቲ ሜትር ሲዘራ ከሚኖረው 250 ሺህ ተክል በግማሽ ገደማ ያነሰ ስለሆነ የዘሩም ወጪ በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

የዝርያ ምርጫ፦ ለዚህ ሥራ የሚስማማው ቁጥቋጦ መልክ ያለው ወይም ጥቂት ብቻ የሚዘረጋ ዝርያ ነው። ረጅም ሐረግ ያለው ዝርያ በበቆሎው ላይ ተጠምጥሞ ሊጥለው ይችላል። በአካባቢው ከሚታወቁት መካከል ሐዋሳ ዱሜና ናስር ይገኙባቸዋል። ምርጫው ግን ገበሬው ለቤቱ በሚወደው ቀለምና በገበያው ፍላጎት ጭምር መወሰን አለበት።

የዘር ጊዜ፦ ሁለት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ሁለቱን በአንድ ጊዜ መዝራት ነው፤ ቦሎቄው የተሻለ ምርት ይሰጣል፤ ዝናብ ካጠረ ግን ከበቆሎው ጋር ውሃ ይሻማል። ሁለተኛው የበቆሎው የመጀመሪያ አረማ እንዳለቀ በተኮተኮተው መሬት ላይ ቦሎቄውን መዝራት ነው፤ በዚህ አኳኋን ቦሎቄው የሚቀጥለውን የአረም ቡቃያ ይቀድማል፤ የራሱ ምርት ግን በበቆሎው ጥላ ምክንያት ይቀንሳል። ዝናቡ በማያስተማምንበት ዝቅተኛ ቦታ ሁለተኛው ይመረጣል።

አረማው፦ በስብጥር ማሳ ላይም የመጀመሪያው አረማ አይቀርም። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ለቀማ ይወርዳል፤ ይኸውም በቦሎቄው ላይ ብቅ ያለውን ትልልቅ አረም ብቻ በእጅ መንቀል ነው። ቦሎቄው ማበብ ከጀመረ በኋላ ማሳው ውስጥ መመላለስ አበባውን ያራግፋል። ቅጠሉ በዝናብ ወይም በጤዛ እርጥብ ሳለም መግባት አይገባም፤ የቦሎቄ በሽታ በልብስና በእጅ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋልና።

የተነቀለው አረም ዘር ያልያዘ ከሆነ በመስመሮቹ መካከል ቢነጠፍ እርጥበት ይጠብቃል። ከዚህ የሚለዩት የውሃ አንቁር፣ ሰርዶና እንግጫ ናቸው። እነዚህ ከተነጠፉበት መልሰው ሥር ስለሚሰዱ ከማሳው ወጥተው መድረቅ አለባቸው።

የስብጥሩ ጉድለት፦ ጉድለቱን ሳይናገሩ ጥቅሙን ብቻ መናገር ገበሬውን ማሳሳት ነው። በስብጥር ማሳ ላይ ሽልሻሎ ማድረግ አይቻልም። ጸረ አረም መድኃኒትም እንደ ልብ መርጨት አይቻልም። የበቆሎው ምርት ለብቻው ከተዘራው ጥቂት ሊያንስ ይችላል። ቦሎቄ ከአየር ናይትሮጅን የሚሰበስብ ቢሆንም አሰባሰቡ ከባቄላ ያነሰ ስለሆነ ማዳበሪያን ይተካል ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም።

ታዲያ ጥቅሙ በምን ይለካል? የሁለቱን ምርት በአንድነት በማየት ነው። ለስሌት ያህል እንበልና በቆሎ ብቻውን በሄክታር 40 ኩንታል፣ ቦሎቄ ብቻውን 16 ኩንታል ይሰጣሉ። በስብጥር ሲዘሩ በቆሎው 34፣ ቦሎቄው 7 ኩንታል ቢሰጥ፣ 34 ለ40 ሲካፈል 0.85፤ 7 ለ16 ሲካፈል 0.44 ይሆናል። ድምሩ 1.29 ነው። ይህም ማለት ከአንድ ሄክታር ስብጥር የተገኘውን ሰብሎቹን ለየብቻ ዘርቶ ለማግኘት 1.29 ሄክታር መሬት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ድምሩ ከ1 በታች ከሆነ ስብጥሩ በዚያ ማሳ ላይ አልጠቀመም። መሬት ጠባብ በሆነበት በሲዳማ ይህ ስሌት ትልቅ ትርጉም አለው።

5. ሰብል ማፈራረቅና ተደራቢ ዘር

በቆሎን በየዓመቱ በዚያው ማሳ ከመመለስ ይልቅ በቦሎቄ፣ በድንች፣ በስኳር ድንች ወይም በጤፍ ማፈራረቅ የአረሙን ልማድ ያፈርሳል። እያንዳንዱ ሰብል የሚዘራበት፣ የሚኮተኮትበትና የሚነሣበት ጊዜ የተለያየ ስለሆነ አንድ ዓይነት አረም ከሁሉም ጋር ሊስማማ አይችልም። ስኳር ድንች ሐረጉን ዘርግቶ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ አረም የማያስነሣ ሰብል ነው። ድንች ሲኮተኮትና ሲነቀል መሬቱ ይጸዳል።

በቆሎው ብስለቱን ጨርሶ የታችኛው ቅጠሉ መድረቅ ሲጀምር፣ ቅጠሉን ለከብት ቀንጥቦ በመስመሮቹ መካከል ቦሎቄ መዝራትም ይቻላል። ይህ ተደራቢ ዘር ከነሐሴ በኋላ ባዶ ይቀር የነበረውን መሬት ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ይበቅልና ዘሩን ያራግፍ የነበረው የመኸር አረም ቦታ ያጣል።

ሰብል አለማፈራረቅ የሚያስከትለውን ጉዳት ከአርሲና ከባሌ ስንዴ መማር ይቻላል። በነዚያ አካባቢዎች ስንዴ በስንዴ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲዘራና ቱ ፎር ዲ የተባለው መድኃኒት ሲረጭ ቅጠለ ሰፊ አረሞች ቀነሱ። መድኃኒቱ የማይነካቸው እንደ ሲናርና ሙጃ ያሉ የሣር ዝርያ አረሞች ግን ቦታውን ወረሱ። አንዱ ጠላት ሲወጣ ሌላው በተከፈተለት በር ገባ ማለት ነው።

ሌላው ትምህርት የሚገኘው በሰሜን ኢትዮጵያ ቆላማ ቦታዎች ማሽላን ከሚያጠቃው ከአቀንጭራ ነው። የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚበቅለውም የሰብል ሥር የሚያመነጨው ቅመም ሲደርሰው ነው፤ ከዚያም በሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና ይህን አረም በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ሥራቸው ነው። ከዝርያ ሌላ ማፈራረቅም ይረዳል፤ እንደ ሰሊጥና አኩሪ አተር ያሉ ሰብሎች የአቀንጭራን ዘር አታለው ያበቅሉታል፤ የሚጣበቅበት ሥር ስለማያገኝ ግን ይሞታል። በኬንያ የተጀመረውና ወደ አገራችንም የገባው ዴስሞዲየም የተባለውን የመኖ ሐረግ በበቆሎ መካከል፣ ዝሆኔ ሣርን በማሳው ዙሪያ የመትከል ዘዴ በዚሁ አስተሳሰብ ላይ የቆመ ነው። ዴስሞዲየሙ አቀንጭራን ከማፈኑም በላይ አገዳ ቆርቁርን ያባርራል፤ ዝሆኔ ሣሩ ደግሞ ተባዩን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሁለቱም ለከብት መኖ ይሆናሉ።

ማፈራረቅ ለተባይም ዋስትና ነው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አገራችን ሲገባ በብርቱ ያጠቃው በቆሎን ነበር። ማሳው ሁሉ በቆሎ የሆነበት ቤተሰብ ጉዳቱን የሚያካክስበት ሌላ ሰብል አይኖረውም።

6. የእንሰት ጓሮ የሚያስተምረን

ከላይ የተነገረው ሁሉ ለሲዳማ ገበሬ እንግዳ መምሰል የለበትም። ከቤቱ ጀርባ ያለውን የእንሰት ጓሮ ይመልከት። እንሰቱ ገና ትንሽ ሳለ በመካከሉ ጎመን፣ ቦሎቄና በቆሎ ይዘራበታል። ሲያድግ ሰፊው ቅጠሉ መሬቱን ያጠላል፤ ከጥላው ሥር ቡናው ይቆማል፤ የረገፈውና የተቆረጠው ቅጠል ይነጠፋል፤ የከብቱ ፍግ ይገባበታል። በዚህ ጓሮ ውስጥ አረም የለም ለማለት ባይቻልም እንደ በቆሎው ማሳ የቤተሰቡን ጉልበት አይጨርስም። ምክንያቱም ባዶ መሬት የለም።

ከሐዋሳ ወደ ደቡብ በዲላ በኩል ያለው የጌዴኦ መሬት ይህንኑ በሰፊው ያሳያል። ትልልቅ ዛፍ ከላይ፣ እንሰት ከመካከል፣ ቡናና ሌላው ከሥር ሆነው በተራራው ላይ ተደራርበው የሚታዩበት ይህ የአስተራረስ ባህል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የልማት ሠራተኛው ለገበሬው ሲያስረዳ ከዚህ ጓሮ ቢጀምር ይሻላል። “ጓሮህን እንደምትሸፍነው ማሳህንም ሸፍነው” ማለት ብዙ ንግግር አያስፈልገውም።

7. ስለ ቅንጨ አረም ልዩ ማሳሰቢያ

ቅንጨ አረም በሰብል ሽፋን ብቻ የማይበገር መጤ አረም ነው። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ሞቃት አገሮች ሲሆን በኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በኦሮምኛ ፋረምሲሳ ይባላል፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደ ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ በመንገድ ዳርና በባዶ ሜዳ ተስፋፍቷል። አንዱ ተክል ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ በቅሎም በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ሊያብብ ይችላል። ከብት ቢበላው ወተቱ ይመርራል፤ በሰው ላይም የቆዳ ማሳከክና እንደ አስም ያለ የመተንፈስ ችግር ያመጣል።

ዘሩ በመኪና ጎማ፣ በጎርፍ፣ በአሸዋ ጭነት፣ በገለባና ባልተበጠረ እህል ይጓዛል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚታየው በመንገድ ዳር፣ በወፍጮ ቤትና በገበያ ሥፍራ ነው። በቀበሌው ውስጥ ያልታየ ከሆነ የልማት ሠራተኛው እነዚህን ቦታዎች በየጊዜው ይመልከት። ከተገኘ፦

ሀ. ሳያብብ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ ከነሥሩ ይነቀል። ማጨድ ብቻ መልሶ እንዲያቆጠቁጥ ያደርገዋል።
ለ. ነቃዩ ጓንት ወይም ወፍራም ፌስታል በእጁ ያድርግ፤ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን። ቆዳው የሚያሳክከውና አስም ያለበት ሰው በሥራው አይሳተፍ።
ሐ. ያበበና ዘር የያዘው በብስባሽ ጉድጓድ አይጨመር፤ ለብቻው ደርቆ ይቃጠል።
መ. የጸዳው ቦታ ባዶ አይተው፤ ሣር ይተከልበት።

ይህን አረም በጠላቱ ለመቆጣጠርም ተሞክሯል። ዚጎግራማ የምትባል ቅጠል በል ጥንዚዛ ከውጭ መጥታ በአገራችን ተለቃለች። ከመለቀቋ በፊት ኑግን እንዳትነካ በጥንቃቄ ተመርምሯል፤ ኑግ የቅንጨ አረም ዘመድ ነውና። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ የእጅ ነቀላን አይተካም።

8. ስለ ጸረ አረም መድኃኒት

መድኃኒት አይነካ አንልም። ሰርዶና እንግጫ በወረረው መሬት ወይም ጉልበት ፈጽሞ በሌለው ቤት ሊረዳ ይችላል። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ይገባል።

አንደኛ፣ እንደ ቱ ፎር ዲ ያለው ቅጠለ ሰፊ አረምን የሚገድል መድኃኒት ቦሎቄውንም ይገድላል፤ በነፋስ ተወስዶም የጎረቤትን ቦሎቄ፣ በርበሬና ቲማቲም ያበላሻል። እንደ ግላይፎሴት ያለው ደግሞ የነካውን ለምለም ነገር ሁሉ ስለሚያደርቅ ሰብል በበቀለበት ማሳ ላይ አይረጭም።

ሁለተኛ፣ የአንድ ዓይነት መድኃኒት መደጋገም የማይሞተውን አረም እየመረጠ ያበዛል።

ሦስተኛ፣ የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ይገባበታል እንጂ በወንዝ አይወጣበትም። ከዙሪያው ማሳ በጎርፍ የታጠበው አፈርና መድኃኒት በጥቁር ውሃ ወንዝና በየፈፋው ወርዶ የሚያርፈው እዚያው ነው። ከሐይቁ ዓሣ የምናወጣ፣ ከብት የምናጠጣም እኛው ነን። ባዶ የመድኃኒት ዕቃ ሦስት ጊዜ በውሃ ታጥቦ፣ እጣቢው ከመርጫው ውስጥ ተጨምሮ፣ ዕቃው ተበስቶ መወገድ አለበት። ለውሃና ለዘይት መያዣ ፈጽሞ አይውልም።

9. በሠርቶ ማሳያ ማስረዳት

ገበሬ የሚያምነው በዓይኑ ያየውን ነው። የልማት ሠራተኛው በአንድ ፈቃደኛ ገበሬ ማሳ ላይ እያንዳንዳቸው 10 በ10 ሜትር የሆኑ ሦስት መደቦችን ያዘጋጅ፦

መደብ 1፦ በቆሎ ብቻ፣ በገበሬው ልማድ የታረመ፤
መደብ 2፦ በቆሎ ብቻ፣ በወቅቱ ሁለት ጊዜ የታረመ፤
መደብ 3፦ በቆሎና ቦሎቄ፣ አንድ ጊዜ በወቅቱ ታርሞ በኋላ የተለቀመ።

ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ ይዘሩ። ከዚያም፦

ሀ. ከየአረማው በፊት ከእንጨት በተሠራ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ በየመደቡ አራት ቦታ ላይ አረሙን መቁጠር። የአራቱ ድምር የአንድ ካሬ ሜትር አረም ነው።
ለ. ማረሚያው የወሰደውን ሰዓት መመዝገብ። የሰዓቱ መጠን በ100 ሲባዛ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ይገኛል።
ሐ. ምርቱን መመዘን። ከ100 ካሬ ሜትር የተገኘው ኪሎ ግራም በቁጥር ከሄክታር ኩንታል ጋር እኩል ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 35 ኪሎ ከተገኘ በሄክታር 35 ኩንታል ማለት ነው።

ጉብኝቱ ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንዱ ቦሎቄው መሬቱን እንደ ሸፈነ፣ ሌላው በመከር ጊዜ። የሚያርሙት በአብዛኛው ሴቶች ስለሆኑ ባልና ሚስት አብረው እንዲጠሩ ያስፈልጋል። የሰዓቱን ቁጥር ከሁሉ ቀድማ የምትረዳው ወገቧን ያመማት ናት። ውጤቱ እንደ ተጠበቀው ባይሆንም አይደበቅ፤ ለምን እንዳልሆነ ከገበሬዎቹ ጋር መመርመር ራሱ ትምህርት ነው።

10. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

አንድ ገበሬ ብቻውን ሊፈጽመው የማይችለውን ማኅበር ይፈጽመዋል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላልና።

ሀ. የቦሎቄ ዘር ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በሚዘራበት ሳምንት ነው። ማኅበሩ ከመከር ላይ ንጹሕ ዘር ገዝቶ ቢያስቀምጥና በዘር ጊዜ በብድር ቢሰጥ፣ ተበዳሪውም በመከር በእህል ቢመልስ፣ ዘሩ እየተዘዋወረ ይኖራል። ነቀዝ እንዳይበላው ማከማቻውን በጥንቃቄ መምረጥ ያስፈልጋል።
ለ. የደቦው ተራ በዕጣ ወይም በዕድሜ ሳይሆን በዘር ቀን ይያዝ። ቀድሞ የዘራ ቀድሞ ይታረምለት። እንዲህ ሲሆን ሁሉም በ25ና በ30 ቀን መካከል የመድረስ ዕድል ያገኛል። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና አባወራ የሌላቸው ቤቶች በመዝገቡ ይግቡ።
ሐ. ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦሎቄ ካመረተ ዋጋ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ማኅበሩ ከዘር በፊት ገዢውን ያነጋግር፤ ምርቱንም በቀለምና በዝርያ ለይቶ በአንድነት ይሽጥ። የተቀላቀለ ቦሎቄ ዋጋው ዝቅ ይላል።
መ. ለቅንጨ አረም ነቀላ በክረምት መግቢያ የጋራ ቀን ይወሰን። የአንዱ ማሳ ጸድቶ የመንገዱ ዳር ቢቀር ድካሙ ከንቱ ነው።

ማጠቃለያ

አረም በአንድ ዓመት የመጣ አይደለም፤ በአንድ ዓመትም አይጠፋም። ዘንድሮ ዘሩን ያላራገፈ አረም ግን ለሚመጣው ዓመት ማሳ የሚያክለው ዘር የለም። ስለዚህ ዘንድሮ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመፈጸም ከመሞከር አንዱን አጥብቆ መያዝ ይሻላል። አንድ ገበሬ ከማሳው ሩቡን ብቻ በስብጥር ይዝራ፤ የመጀመሪያውን አረማ በ25ና በ30 ቀን መካከል ይፈጽም፤ የወሰደበትን ሰዓትና ያገኘውን ኩንታል ይመዝግብ። በሚቀጥለው ሚያዝያ የቀረውን ሦስት ሩብ እንዴት እንደሚዘራው የሚወስነው ይህ መዝገብ ይሁን። የልማት ሠራተኛውም ሥራውን መመዘን የሚገባው በሰጠው ትምህርት ብዛት ሳይሆን በሰኔ ወር ከአረም ውስጥ ቀና ብለው ወደ ቤታቸው በጊዜ በሚመለሱት ሴቶች ቁጥር ነው።